ከስብርባሪ የተሠራችው ብዕራችንና ታሪኳ

የተማሪ እጅ ከማለዳ እስከ ማታ ከብዕር አይለይም፤ ስለ ብዕር የሚያስብ ተማሪ ግን ጥቂት ነው። ስትጽፍ እንይዛታለን፤ ቀለሟ ሲያልቅ ወይም ጫፏ ሲሰበር ጥለናት ሌላ እንገዛለን። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚሁ ነበርን። ይሁን እንጂ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተቃረበ ጊዜ እንግዶች ስማቸውን የሚያሰፍሩበት አንድ ትልቅ መዝገብ ተዘጋጀና፣ «መዝገቡስ ተገኘ፤ በምን ይጻፍበታል?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከሱቅ መግዛት ቀላል ነበረ። እኛ ስድስት ተማሪዎች ግን «ብዕሯን እኛው እንሥራት» ብለን ተነሣን።

ለሥራው የሚሆን አዲስ ዕቃ አልነበረንም። የነበረን ከየቤታችን መሳቢያ፣ ከወላጆቻችን አሮጌ ቦርሳና ከገበያ የተለቃቀመ ስብርባሪ ነው። ከአንዱ እስክሪብቶ የነሐስ አፍንጫ፣ ከሌላው መጫኛና ሞላ፣ ከአንድ አሮጌ ባለ ቀለም ብዕር ክዳን ላይ የኪስ መያዣ፣ ከአንድ ርካሽ እስክሪብቶ ደግሞ የቀለም ቱቦ አገኘን። አንዱ ከሌላው ጋር በስፋትም ሆነ በጥርስ የሚገጥም አልነበረም። ይህን ያየ አንድ የክፍል ጓደኛችን፣ «ይህ የተለቃቀመ ነገር ጽፎ ቢገኝ እንኳ የማንም ብዕር አይሆንም» ሲል ቀለደብን።

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ አልቀረም፤ ሁላችንንም አሳሰበን። ከልዩ ልዩ ስፍራ የተሰበሰበ ነገር የራሱ ጠባይና ስም ሊኖረው ይችላልን? ይህን ለመመለስ ሞረድና መጋዝ ከማንሣታችን በፊት የብዕርን ታሪክ መመርመር ግድ ሆነብን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የብዕርን ታሪክ፣ ቀጥሎ የከተማችንን የጥገና ጥበብ፣ በመጨረሻም የራሳችንን ሥራ ከነስሕተቱ እናቀርባለን። የውጭ አገር ታሪክ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችን ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር (ዓ.ም.) ነው።

ብዕርና ቀለም

«ብዕር» የሚለው ቃል «ብርዕ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው። ብርዕ ማለትም መቃ፣ ሸምበቆ፣ አገዳ ማለት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ብዕር ምን እንደ ነበረ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። «ቀለም» የሚለው ቃል ደግሞ ሥሩ «ካላሞስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ይመዘዛል፤ ካላሞስም ሸምበቆ ነው። ዐረቦች ይህንኑ ቃል ተቀብለው «ቀለም» ሲሉ መጻፊያውን መሣሪያ ያመለክታሉ፤ ሶማሌዎችም «ቀሊን» ይሉታል። በአማርኛ ግን ቀለም የምንለው መሣሪያውን ሳይሆን ከመሣሪያው የሚፈሰውን ነው። ስለዚህ እንደ ድሬዳዋ ባለ ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ «ቀለም አቀብሉኝ» ቢባል አንዱ ጠርሙስ፣ ሌላው ብዕር ቢያቀብል የሚያስደንቅ አይደለም። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ አንዲት የሸምበቆ ቃል በሁለት መንገድ ተጉዛ እኛ ከተማ ላይ ተገናኘች እንጂ።

የአገራችን ጸሐፊዎች መቃውን ቆርጠው ያደርቁታል፤ ጫፉን በስለት አሹለው መካከሉን ይሰነጥቁታል። ቀለሙ በስንጥቁ እየወረደ ብራናው ላይ ያርፋል። ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ሲሆን ቀዩን ለብቻው ያኖራሉ፤ ለጥቁሩም ለቀዩም የተለየ መቃ አላቸው። የቀለሙ ዕቃ ብዙውን ጊዜ የከብት ቀንድ ነው። ከእኛ ከተማ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በሐረርም ቅዱስ ቁርዓንን በእጅ መገልበጥና በቆዳ መጠረዝ የታወቀ የቆየ ጥበብ ነበረ። የቁርዓን ተማሪዎች ደግሞ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም እየጻፉ ያነባሉ፤ ትምህርቱ ከተያዘ በኋላ ሰሌዳው ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይህን ልብ በል። የመቃው ብዕር ከወንዝ ዳር፣ የቀለሙ ዕቃ ከበሬ ራስ፣ ጥላሸቱ ከምጣድ ሥር፣ ብራናው ከፍየል ወይም ከበግ ጀርባ የመጡ ናቸው። አንዱም ለመጻፍ ተብሎ የተፈጠረ አልነበረም። ለጽሕፈት ያበቃቸው አንድ ላይ ያዋለ የጸሐፊው እጅ ነው። የጓደኛችን ቀልድ ከዚህ ላይ ጥቂት መላላት ጀመረ።

ቀለሙን በሆዷ የያዘች ብዕር

የመቃ ብዕር አንድ ችግር አለባት፤ ጥቂት ቃል እንደ ጻፈች መልሳ መነከር ያስፈልጋታል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የብረት ጫፍ በብዛት ይሠራ ጀመረ። ብረቱ እንደ መቃ ቶሎ አያልቅም፤ መነከር ግን አልቀረለትም። ስለዚህ ሊቃውንት ቀለሙን በብዕሯ ሆድ ውስጥ የሚያኖሩበትን ዘዴ ይፈልጉ ነበር። ከእነዚህም አንዱ ፔትራኬ ፖየናሩ የተባለ ሩማንያዊ ነው። በፓሪስ ተማሪ ሳለ በ1827 እ.ኤ.አ. ከትልቅ ወፍ ላባ አገዳ የቀለም ማኖሪያ አድርጎ ለሠራው ብዕር ከፈረንሳይ መንግሥት የፈጠራ መብት አገኘ። ይህም የወፍ አገዳና የብረት ጫፍ ጋብቻ መሆኑ ነው፤ ሠሪውም እንደ እኛ ተማሪ ነበረ።

ነገር ግን ቀለምን በሆድ መያዝ አንድ ነገር፣ በልክ ማውጣት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጠርሙስን ገልብጦ ውሃ ያፈሰሰ ሰው ይህን ያውቀዋል። ውሃው ዝም ብሎ አይወርድም፤ ጉልቅ ጉልቅ እያለ አየር ይገባል፣ ውሃ ይወጣል። አየር መግቢያ ካጣ ውሃው ይቆማል፤ ከመጠን በላይ ከገባ ደግሞ ይዘረገፋል። በ1884 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሉዊስ ዋተርማን መብት ያገኘባት ብዕር ለዚህ መፍትሔ ያላት ናት። ከጫፏ በታች በተቀመጠው ምላስ ላይ ቀጫጭን ቦዮች ተቀርጸዋል፤ በእነዚህ ቦዮች ቀለም ሲወርድ አየር በልኩ ይገባል። ይህን ነገር አንባቢ እንዳይረሳብን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እኛን ያሳፈረን ይኸው ነውና።

ባለ ቀለም ብዕር በቆላ አገር ሌላ ጠባይ ታሳያለች። ሆዷ በከፊል ጎድሎ በኪስ ተይዛ ፀሐይ ላይ ስትውል በውስጧ ያለው አየር በሙቀት ይሰፋና ቀለሙን ገፍቶ ያወጣዋል። የድሬዳዋን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ይህን በቃል ማስረዳት አያሻውም፤ የሸሚዙ ኪስ ይመሰክርለታል።

ኳሷ

ዛሬ እስክሪብቶ የምንላት ብዕር ከጫፏ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰች ኳስ አለቻት። ኳሷ በጉድጓዷ ውስጥ ትንከባለላለች፤ ባንድ ወገን ቀለሙን ትነካለች፣ በሌላው ወገን ወረቀቱን ትቀባለች። አሜሪካዊው ጆን ላውድ እንዲህ ላለች ብዕር በ1888 እ.ኤ.አ. መብት ቢያገኝም ቆዳ በመሰለ ሻካራ ነገር ላይ ምልክት ከማድረግ አልፋ ለደብዳቤ አልበቃችም። ስስ ቀለም በኳሷ ዙሪያ ይዘረገፋል፤ ወፍራሙ ደግሞ ይደርቃል።

መላውን ያገኘው የመሐንዲስ ሥራ ያልነበረው ሰው ነው። ላስሎ ቢሮ የሚባል የሀንጋሪ ጋዜጠኛ የማተሚያ ቤት ቀለም ጋዜጣው ላይ ቶሎ ሲደርቅ ያያል። ይህ ቀለም ወፍራም ስለሆነ በባለ ቀለም ብዕር ቦይ አይወርድም፤ በኳስ ግን ሊወጣ ይችላል። ከወንድሙ ከጊዮርጊ ጋር ሆኖ ደከመበትና በ1938 እ.ኤ.አ. መብት አገኘ። በአውሮፓ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወደ አርጀንቲና ተሰድዶ ነበርና በዚያም በ1943 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ አስመዘገባት። አርጀንቲናዎች እስከ ዛሬ ድረስ እስክሪብቶን በእርሱ ስም «ቢሮሜ» ይሏታል። በ1950 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማርሴል ቢክ በፈረንሳይ ርካሿንና ውስጧ የሚታየውን እስክሪብቶ ለገበያ አወጣት። በአገራችንም ብዙ ሰው «ቢክ» እያለ የሚጠራት እርስዋን ነው።

እንግዲህ የኳሷም ብዕር አንድ ወጥ አይደለችም። የማተሚያ ቤት ቀለምና የኳስ ጫፍ ቀድሞ አይተዋወቁም ነበር። ቢሮ ሁለቱን ባያገናኛቸው ኖሮ አንዱ በማተሚያ ቤት፣ ሌላው በቆዳ ላይ በቀሩ ነበር።

መለዋወጫና ከተማችን

ከዚህ በኋላ ፊታችንን ወደ ራሳችን ከተማ መለስን። እንደሚታወቀው ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከጅቡቲ የሚነሣውን የምድር ባቡር እንዲሠራ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ ሰጡ። መስመሩ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበረ፤ ነገር ግን የሐረር ተራራ ለባቡር አቀበት በመሆኑ ከግርጌው ባለው ሜዳ አለፈ። ሐዲዱም 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። በስፍራው የተቆረቆረችው ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ኩባንያው ገንዘብ በማጣቱ ሐዲዱ ለዓመታት ከዚህ ሳያልፍ ቆመ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል ድሬዳዋ የመስመሩ ማብቂያ ሆና አደገች።

ባቡር ባለበት ጥገና አለ። የመስመሩ ዋና የጥገና ወርክሾፕ እዚህ በከዚራ በኩል ተሠራ። ባቡሮቹ ከአንድ አገር ብቻ የመጡ አልነበሩም፤ የፈረንሳይ፣ የስዊዘርላንድና የጣልያን ፋብሪካዎች ሥራ በአንድ ሐዲድ ላይ ይሄድ ነበር። አንድ ዕቃ ሲሰበር ከአውሮፓ እስኪመጣ መጠበቅ ሥራ ማቆም ነው። ስለዚህ የወርክሾፑ ሠራተኞች የተሰበረውን ለክተው፣ በብረት አቅልጠው ወይም በቶርኖ ቀርጸው ምትኩን ያወጡ ነበር። ከአንዱ ባቡር የተረፈው ለሌላው ይሆናል፤ ያልገጠመው ይሞረዳል። ለዚህ ሥራ የዋሉ አያሌ አሮጌ መኪናዎች አሁንም በወርክሾፑ ውስጥ ቆመው ይታያሉ።

የሥራው ቋንቋም እንደ ዕቃው ከየአገሩ የተሰበሰበ ነው። ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ሞላ፣ ፒንሳ የምንላቸው ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ለገሃር የምንለው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ሞረድና መዶሻ ደግሞ የራሳችን ናቸው። ሠራተኛው ኦሮሞም፣ ሶማሌም፣ አማራም፣ ሐረሪም ይሁን በዚህ ቋንቋ ይግባባ ነበር። በደቻቱ ወዲህና ወዲያ ያሉት ከዚራና መጋላም እንዲሁ ናቸው። የአንዱ መንገድ በገመድ እንደ ተለካ ቀጥ ያለ፣ የሌላው በእግረኛ ልማድ የተጠማዘዘ ነው። ሁለቱ በአንድ እጅ አልተነደፉም፤ ድሬዳዋ ግን ሁለቱም ናቸው።

ይሁንና ሁሉ ነገር ይገጥማል ብለን አናታልልም። አሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመር ስፋት ደግሞ 1 ሜትር ከ43 ተኩል ሳንቲ ሜትር ነው። የአሮጌው ባቡር እግር በአዲሱ ሐዲድ ላይ በምንም ሞረድ አይሄድም። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው የአሮጌው መስመር ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከቆመ ወዲህ የወርክሾፑ ጥበብ የያዘው ከብረቱ ይልቅ የሰዎቹን እጅ ነው። ሰው ደግሞ ያረጃል።

የእኛ ሥራ

ከእነዚህ እጆች አንዱን ፍለጋ ሄድን። በአንዲት ጓደኛችን ሰፈር ከባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ነበሩ። በግቢያቸው ዳስ ሥር አንዲት ትንሽ ቶርኖ፣ አንድ ሞርሳና ብዙ ሞረድ አላቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ እኛም እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እያልን እንቀጥላለን። ስብርባሪያችንን በመሃረብ ዘርግተን ባሳየናቸው ጊዜ አልሳቁም። ካሊበራቸውን አምጥተው እያንዳንዱን ለኩ፤ «ልጆቼ፣ መጀመሪያ የማይገጥመው በስንት እንደማይገጥም ማወቅ ነው» አሉን።

የነሐስ አፍንጫው የሚሰካው ክፍል 8 ሚሊ ሜትር፣ የመጫኛው ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የሁለቱ የውጭ ስፋትም 11 እና 9 ነው። ሁለቱን የሚይዝ አንድ የነሐስ ቱቦ አስፈለገን። ታይዋን በሚባለው ገበያ ከተሰበረ ራዲዮ ላይ የወለቀ አንቴና ገዛን። አንቴና አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ የሚመዘዝ ቱቦ ስለሆነ ወፍራሙ ክፍል አፍንጫውን፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቀጭኑ ደግሞ መጫኛውን እንዲቀበል አደረግን። አንድ ሚሊ ሜትር የነበረው ጠብ በዚህ ታረቀ።

እንጨቱስ? ከአሮጌው ሐዲድ ሥር የወጣ እንጨት ብናገኝ ለበዓሉ እንዴት ባማረ ነበር! ነገር ግን የዚያ መስመር አጋዳሚዎች ብረት ናቸው። ያልሆነውን ሆነ ብለን ታሪክ ለማሳመር አልፈለግንም። ከመካከላችን የአንዷ እናት የተሰበረ የወይራ ዘነዘና ነበራቸውና ሰጡን። ቡናና በርበሬ ሲወቅጥ የኖረ እንጨት ስለሆነ ድርቀቱ የተፈተነ ነው።

የመጀመሪያውን ቁራጭ በችኮላ አበላሸነው። መሰርሰሪያውን ሳናወጣ እስከ መጨረሻው በመንዳታችን ብናኙ መውጫ አጣ፤ እንጨቱ ጋለ፣ ጨሰ፣ ከዚያም ተሰነጠቀ። በሁለተኛው ጊዜ ትንሽ እየበሱ ማውጣት፣ ብናኙን ማራገፍ፣ መልሶ መብሳት እንደሚገባ ተማርን። ቱቦዎቹን ማጣበቂያው እንዲይዛቸው ላያቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግናቸውና በጉድጓዱ ውስጥ አጣብቀን አሳደርናቸው። በማግስቱ ጋሼ በቶርኖው ላይ አሰሩልን፤ መቁረጫውን ተራ በተራ ያዝን። እንጨቱ ከታች 11፣ ከላይ 9 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ቀስ በቀስ ቀነስነው። ብዕሯን ወገቧን ጠበብ አድርጎ ያሳመራት ይህ ነው። እኛ ቅርጽ አልመረጥንላትም፤ የማይገጥሙት ሁለት ጫፎች ናቸው የመረጡላት።

የቀለሙ ቱቦ ደግሞ ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛ፣ ሞላው የሚያርፍበት ጆሮ የለውም፤ ስለዚህ በፒንሳ ቆንጥጠን ሁለት ጆሮ አወጣንለት። ሁለተኛ፣ ቁመቱ መጫኛው ዘንድ ለመድረስ 2 ሳንቲ ሜትር ይጎድለዋል። ለዚህም ከዚያው ከወይራው ቀጭን ቁራጭ ጠርበን በቱቦው ኋላ አጥብቀን ሰካነው። ገጣጥመን ስንጫን ጫፏ ወጣ፤ ስንለቅ ገባ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በወረቀት ላይ የትምህርት ቤታችንን ስም፣ ቀጥሎም የስድስታችንን ስም ጻፍን።

የስድስተኛው ጓደኛችን ስም ግን አልተፈጸመም። ቀለሙ እየሳሳ ሄደና ከመካከል ላይ ቆመ። ጫፏን በወረቀት ላይ አሻሸናት፤ በእጃችን አሞቅናት፤ አራገፍናት፤ አልጻፈችም። ቱቦውን ስናየው ቀለሙ ሙሉ ነው። በዓሉ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ያ የቀለደብን ጓደኛችን በስፍራው ነበር፤ ደግነቱ በዚያን ጊዜ ምንም አልተናገረም።

ብዕሯን ይዘን ወደ ጋሼ ሮጥን። እርሳቸውም ፈትተው ቱቦውን አወጡና ወደ ፀሐይ አንሥተው ተመለከቱት። ከዚያም የሰካነውን የወይራ ቁራጭ ነቀሉት። ቱቦውን ወረቀት ላይ ቢስቡት ጥቂት ጭሮ እንደ ቀድሞው ጻፈ። እኛ በመገረም ስናያቸው፣ «የሚወጣውን ብቻ ነው ያሰባችሁት፤ የሚገባውን ረስታችኋል» አሉን።

ያን ጊዜ ስለ ዋተርማን ያነበብነው ሁሉ ትዝ አለንና አፈርን። በወረቀት ላይ የምናውቀውን በእጃችን አላወቅነውም ነበር። ቀለም በጫፏ በወጣ ቁጥር አየር በኋላዋ መግባት አለበት፤ እኛ ግን በወይራ ደፈንነው። ጋሼ በቁራጩ ጎን ላይ በቀጭን ሞረድ አንዲት መሥመር አወረዱበትና መልሰው ሰኩት። መሥመሯ ከፀጉር ብዙም አትወፍርም። ብዕሯ ግን ከዚያ ወዲህ አልቆመችም።

ሻይ ስንጠጣ አንዲት ጓደኛችን፣ «ጋሼ፣ ይህን ሥራ ከእርስዎ የተማረ ስንት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ጥቂት ዝም አሉ። «በፊት ከታላላቆቻችን እጅ እያየን ነበር የምንማረው፤ እኛም ለታናናሾቻችን እናሳይ ነበር። ባቡሩ ሲቆም የሚመጣ ልጅ ቀረ» አሉ። ከዚያም ብዕሯን አገላብጠው እያዩ፣ «እኔም እንደዚች ቱቦ ነኝ፤ ቀለም አለኝ፤ ግን ከኋላ የሚገባ የለም» ብለው ፈገግ አሉ። እኛ መሳቅ አልቻልንም።

ፍርዳችን

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የተለቃቀመ ነገር የራሱ ጠባይና ስም ሊኖረው ይችላልን? የብዕር ታሪክ «አዎን» ይላል፤ ከመቃና ከቀንድ ጀምሮ እስከ ቢሮ ኳስ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ የተገኘ ብዕር አላየንም። ከተማችንም «አዎን» ትላለች። ይሁን እንጂ መሰብሰብ ብቻ አይበቃም። በመሃረብ ላይ የዘረጋነው ስብርባሪ ያው ስብርባሪ ነበረ። ብዕር ያደረገው የለካው ካሊበር፣ በመካከል ሆኖ ሁለቱን ያስታረቀው ወይራ፣ ከሁሉም በላይ ያች በሞረድ የወረደች ቀጭን መሥመር ናት። አብሮ መያያዝ አንድ ነገር ነው፤ መያያዙ ሕይወት የሚያገኘው የሚወጣውን ያህል የሚገባ ሲኖረው ነው።

ይህ ለትምህርት ቤትም የሚሠራ ይመስለናል። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ ተማሪዎችን አስተምሮ ያወጣል፤ እኛም ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንወጣለን። ታናናሾቻችን በስፍራችን ባይገቡ፣ የገቡትም ከታላላቆቻቸው ባይቀበሉ፣ ሙሉ ቀለም ይዞ እንደ ቆመው ቱቦ መሆኑ ነው። ስለዚህ እኛ ስድስታችን አንድ ነገር ወሰንን። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ወደ ጋሼ ዘንድ እየሄድን ቶርኖና ሞረድ ለመማር ተስማማን፤ እርሳቸውም ፈቀዱልን። ከዘጠነኛ ክፍል ሁለት ልጆች አብረውን ጀምረዋል። ከእነርሱም አንዱ የዚያ የቀለደብን ጓደኛችን ወንድም ነው፤ ያመጣውም እርሱ ራሱ ነው።

ብዕሯ በበዓሉ ቀን በመዝገቡ አጠገብ ትቀመጣለች። እንግዶቻችን ሆይ፣ ስማችሁን ስትጽፉባት ከወገቧ ጠበብ ብትልባችሁ ጉድለት አይደለም፤ እዚያ ላይ ሁለት የማይገጥሙ ነገሮች ታርቀዋል። የተወደዳችሁ ታናናሾቻችን ሆይ፣ እናንተ ደግሞ የተሰበረ እስክሪብቶ ከመጣላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ፍቱትና ውስጡን ተመልከቱ። የማይገጥማችሁ ነገር ብታገኙም አትጣሉት፤ በስንት እንደማይገጥም ለኩት። እንዴት እንደሚለካ የሚያሳያችሁ ሰው በየሰፈራችሁ አለ፤ ሄዳችሁ ጠይቁት።